የ75 ዶላር ምሳና የ25 ሺህ ዶላር ቼክ

በአሜሪካ ለምርጫ ተወዳዳሪ ገንዘብ ማዋጣት ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው መብት ነው፤ ለባለሥልጣን ጉቦ መስጠት ደግሞ እስር ቤት የሚያስገባ ወንጀል። ሲፈጸሙ ለተመለከታቸው ግን ሁለቱን መለየት ያዳግታል። መንግሥት ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው ቼክ ይጽፋል፣ የባለሥልጣኑ የምርጫ ኮሚቴ ተቀብሎ ባንክ ያስገባል። ልዩነቱ ሰጪውና ተቀባዩ በልባቸው በያዙት ሐሳብ ላይ ነው። በልብ የተያዘን ነገር አውጥቶ ዳኛ ፊት ማቅረብ ከባድ በመሆኑ በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ሌላ መንገድ ይዘዋል። «ምን አስበህ ሰጠህ?» ከማለት ይልቅ «ማን ነህ? ከመንግሥት ጋር ምን ውል አለህ? የትና መቼ ሰጠህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን መንገድ ደረጃ በደረጃ፣ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የተማረችው ግዛት ኢሊኖይ ናት። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የግዛቲቱ ስም ከሙስና ጋር መያያዝ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1970 ፖል ፓወል የተባሉ የግዛቲቱ ጸሐፊ ሲሞቱ በዋና ከተማዋ በስፕሪንግፊልድ በሚኖሩበት የሆቴል ክፍል ውስጥ ወደ 800 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ጥሬ ገንዘብ ተገኘ፤ የተወሰነው የተቀመጠው በጫማ ካርቶን ነበር። ሰውየው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የቀድሞው አገረ ገዢ ኦቶ ከርነር ከፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ባለቤት አክሲዮን በረከሰ ዋጋ ገዝተዋል ተብለው ተፈረደባቸው። እነዚህ ግን ለሕግ የሚያስቸግሩ ጉዳዮች አልነበሩም። በካርቶን የተደበቀ ገንዘብ ምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። አስቸጋሪው በባንክ አልፎ፣ በደረሰኝ ተመዝግቦ፣ ለምርጫ ቦርድ ሪፖርት ተደርጎ የሚገባው ገንዘብ ነው።

የጆርጅ ራያን ታሪክ የዚህ ዓይነቱ ነው። ራያን ከ1991 እስከ 1999 የግዛቲቱ ጸሐፊ ነበሩ። በኢሊኖይ ይህ ማዕረግ የማኅተምና የመዝገብ ሥራ ብቻ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ሠራተኞቹ ለአለቃቸው የምርጫ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ድግስ ትኬት እንዲሸጡ ይጠበቅባቸው ነበር። ትኬት የመሸጡ ግፊት ሲበዛባቸው አንዳንዶቹ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ፈቃድ በገንዘብ ይሰጡ ጀመር፤ ከጉቦውም ቢያንስ 170 ሺህ ዶላር ወደ ራያን የምርጫ ካዝና መግባቱን የፌዴራል መርማሪዎች ደረሱበት። በኖቬምበር 1994 ሚልዋኪ አጠገብ ከአንድ ከባድ መኪና የወደቀ ብረት ከኋላው የምትመጣን ሚኒቫን የነዳጅ ታንክ ቀደደ። መኪናዋ በእሳት ተያይዛ የአንድ ቤተሰብ 6 ልጆች ሞቱ። የከባድ መኪናው ሾፌር ፈቃዱን ያገኘው በጉቦ ነበር። የምርጫ መዋጮ የፖለቲከኞች የእርስ በርስ ጉዳይ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የከፋ መልስ አይገኝም። በምርመራው ከ70 በላይ ሰዎች የተፈረደባቸው ሲሆን፣ በመካከሉ አገረ ገዢ ሆነው የነበሩት ራያንም በ2006 ጥፋተኛ ተብለው የ6 ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደባቸው።

ከራያን በኋላ የመጡት ሮድ ብላጎየቪች የተመረጡት «ቤቱን አጸዳለሁ» ብለው ነው። በ2003 የግዛቲቱ የባለሥልጣናትና የሠራተኞች ሥነ ምግባር ሕግ የወጣውም በእሳቸው ዘመን ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ ሲታይ ጠንካራ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በሚከፈልበት ሰዓት የፖለቲካ ሥራ መሥራት አይችልም፤ ትኬት መሸጥ፣ የቅስቀሳ ምልክት ማደል፣ መዋጮ መጠየቅ ሁሉ ክልክል ነው፤ ለዚህ ዓይነት ሥራም በጉርሻም ሆነ በጭማሪ መልክ ሊከፈለው አይችልም። በመንግሥት ሕንጻ ውስጥ መዋጮ መስጠትም ሆነ መቀበል አይቻልም፤ ሳያውቅ የተቀበለ ባለሥልጣን ሳይዘገይ ከመለሰ እንደ ጥፋት አይቆጠርበትም። የሕግ አውጪው ምክር ቤት በሚሰበሰብባቸው ቀናት ስፕሪንግፊልድ ባለችበት በሳንጋሞን ካውንቲ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድግስ ማዘጋጀት ተከለከለ። ይህኛው አንቀጽ ካውንቲውን በስም በመጥቀሱ ከወሰኑ ማዶ ያለው አዳራሽ ሁሉ ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ክልከላው ለመላው ግዛት የተዘረጋው በ2021 ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የስጦታው ክፍል ነው። ባለሥልጣኑ በእጁ ያለ ውሳኔ ከሚጠብቅ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ከሚነግድ ወይም ከሎቢስት ስጦታ መቀበል አይችልም። ከዚህ ውጪ የሆኑት በዝርዝር ተቀምጠዋል። ዘመድና ወዳጅ የሚሰጠው ይፈቀዳል። ምግብና መጠጥ ለአንድ ሰው በቀን ከ75 ዶላር እስካልበለጠ ድረስ ይፈቀዳል፤ ያውም እዚያው በተገዛበት ወይም በተዘጋጀበት ቦታ የሚበላ፣ አለዚያም ለመብላት ተዘጋጅቶ የመጣ መሆን አለበት። ከአንድ ሰጪ በዓመት የሚመጣ ልዩ ልዩ ነገር ድምሩ ከ100 ዶላር በታች ከሆነ ያልፋል። በስህተት የተቀበለም ስጦታውን ቢመልስ ወይም ዋጋውን ለበጎ አድራጎት ቢሰጥ ነጻ ይሆናል። ከተፈቀዱት መካከል ግን አንድ ሌላ መስመር አለ፤ በምርጫ ሕጉ መሠረት የተሰጠ መዋጮ እንደ ስጦታ አይቆጠርም። በዚያን ጊዜ ደግሞ የኢሊኖይ የምርጫ ሕግ ለመዋጮ ምንም ጣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ አገረ ገዢውን ራት ሲጋብዝ ሒሳቡ 80 ዶላር ከደረሰ ሕግ ተጥሷል። ከራቱ በኋላ ለዚያው ሰው የምርጫ ኮሚቴ የ25 ሺህ ዶላር ቼክ ቢሰጥ ግን ሕጉ አይነካውም ነበር።

የ25 ሺህ ዶላሩ ቼክ ለምሳሌ ያህል የተፈጠረ አይደለም። ቺካጎ ትሪቢዩን በ2008 የብላጎየቪችን የመዋጮ መዛግብት ሲመረምር ልክ 25 ሺህ ዶላር የሆኑ ቼኮች ተደጋግመው መግባታቸውን አገኘ። ከሰጪዎቹም ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ከአስተዳደሩ ውል፣ ሹመት፣ ፈቃድ ወይም ሌላ ጥቅም ያገኙ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአገረ ገዢው ዋነኛ ገንዘብ ሰብሳቢ ከነበሩት አንዱ ቶኒ ረዝኮ፣ በመንግሥት ቦርዶች ላይ ያላቸውን ተሰሚነት ከግዛቲቱ ጋር ለመሥራት ከሚፈልጉ ድርጅቶች ገንዘብ ለማግኘት ተጠቅመዋል ተብለው በ16 ክሶች ጥፋተኛ ሆኑ። አሜሪካኖች ይህን አሠራር «መጫወት የፈለገ ይክፈል» ይሉታል፤ ጨረታው ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ለምርጫ ካዝናው ማዋጣት ማለት ነው።

ምክር ቤቱ በ2008 ያወጣው ሕግ ያነጣጠረው በዚህ ላይ ነው። በዓመት በጠቅላላው ከ50 ሺህ ዶላር በላይ የሆነ ውል ወይም ጨረታ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ያለው ድርጅት፣ ውሉን የመስጠት ሥልጣን ላለው ባለሥልጣን ማዋጣት ተከለከለ። ክልከላው በድርጅቱ ላይ ብቻ አላበቃም። ከ7.5 በመቶ በላይ ድርሻ ያላቸው ባለቤቶች፣ ዋና ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች፣ የትዳር ጓደኞቻቸውና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቻቸውም ገቡበት፤ ቼክ በሚስት ወይም በልጅ ስም መጻፍ የታወቀ መንገድ ነበርና። ድርጅቱ እነዚህን ሰዎች ለግዛቲቱ የምርጫ ቦርድ ማስመዝገብ አለበት። ክልከላው የሚቆየው ባለሥልጣኑ በሥልጣን ዘመኑ ላይ እስካለ ድረስ ወይም ውሉ ካበቃ በኋላ ለ2 ዓመት ሲሆን፣ ከሁለቱ ረጅሙ ይያዛል። ሕጉን የጣሰ ድርጅት ውሉ ሊሰረዝበት ይችላል፤ በ36 ወራት ውስጥ 3 ጊዜ የጣሰ ደግሞ ውሎቹ ሁሉ ፈርሰው ለ3 ዓመት ከጨረታ ይወጣል። ገንዘቡን የተቀበለው ኮሚቴም የመዋጮውን ያህል ለግዛቲቱ ካዝና ገቢ ያደርጋል።

ብላጎየቪች ሕጉ «በቂ አይደለም፣ ሌሎችንም ይጨምር» በሚል ምክንያት ለውጠው መለሱት። ረቂቁን ለማስፋት ነው ብሎ ያመናቸው ሰው ግን ጥቂት ነበር። የተወካዮች ምክር ቤቱ 110 ለ3 ውድቅ አደረገባቸው። ሴኔቱ ሲያመነታ በዚያን ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ባራክ ኦባማ ለሴኔቱ መሪ ስልክ ደወሉ፤ ሴኔቱም በሴፕቴምበር 22 ቀን 55 ለ0 አጸደቀው። ሕጉ የሚጸናው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ ነበር።

ያ ቀን ቀጠሮ ሆነ። ዓቃቤ ሕግ ባቀረበው የክስ ማመልከቻ መሠረት አገረ ገዢው ዓመቱ ሳያልቅ፣ ማለትም በሩ ሳይዘጋ፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ አቅደው ነበር። ኤፍቢአይ ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ስልካቸውን ይሰማ ነበር። ከተቀዱት ንግግሮች ውስጥ የአሜሪካ ሴኔትን ወንበር የሚመለከተው በዓለም ተሰማ። ኦባማ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ የለቀቁትን ወንበር የሚተካ ሰው መሾም የአገረ ገዢው ሥልጣን ነበር፤ እሳቸውም ወንበሩን በነጻ እንደማይሰጥ ወርቅ ቆጠሩት። ስለ መዋጮ ለሚያጠና ሰው ግን ይበልጥ የሚያስተምረው የአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ጉዳይ ነው። ልዩ የሕፃናት ሐኪሞች ከመንግሥት የሚከፈላቸው ዋጋ እንዲሻሻል ብላጎየቪች ተስማምተው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሆስፒታሉ ኃላፊ መዋጮ እንዲያሰባስብ ተጠየቀ፤ ኃላፊው ዝም አለ፣ ስልክም አልመልስ አለ። ኖቬምበር ላይ አገረ ገዢው ምክትላቸውን በስልክ ጠየቁ፤ የሐኪሞቹ ክፍያ ወጥቷል ወይስ ገና ነው? ከጃንዋሪ እንደሚጀምር ተነገራቸው። ካስፈለገ በበጀት ምክንያት መመለስ ይቻል እንደሆነ ደግመው ጠየቁ። ይቻላል ሲባሉ፣ ማወቁ ጥሩ ነው ብለው ዘጉ።

በዚህ ንግግር ውስጥ መዋጮ የሚለው ቃል የለም። ሕጉ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በበክሊ ጉዳይ ላይ በሰጠው ፍርድ መዋጮን በመጠን መገደብ ይቻላል፣ ምክንያቱም ሙስናን ወይም ሙስና የሚመስልን ነገር ይከላከላል ብሏል። በ1991 ደግሞ በማኮርሚክ ጉዳይ ላይ፣ የምርጫ መዋጮ በፌዴራል ሕግ እንደ ማስገደጃ ወንጀል የሚያስቀጣው ባለሥልጣኑ በምላሹ ግልጽ ቃል የገባ እንደሆነ ነው አለ። የፍርድ ቤቱ ሐሳብ ትርጉም ይሰጣል፤ በመዋጮ የሚወዳደር ፖለቲከኛ ሁሉ ለደጋፊዎቹ የሚጠቅም ነገር ሲሠራ ወንጀለኛ ከሆነ ከእስር ቤት ውጪ የሚቀር አይኖርም። ሆኖም «ይህን ስጠኝ፣ ያን አደርግልሃለሁ» ብሎ በግልጽ የሚናገር ባለሥልጣን እምብዛም አይገኝም። የብላጎየቪችን ይግባኝ ያየው ፍርድ ቤትም ይህንኑ አስታውሶ፣ በጥቅሻና በአነጋገር የተደረገ ውል ወንጀል ከመሆን አያመልጥም ብሏል።

ብላጎየቪች ሕጉ ሊጸና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በዲሴምበር 9 ቀን 2008 ማለዳ ከቤታቸው ተያዙ። የግዛቲቱ ሴኔት በጃንዋሪ መጨረሻ 59 ለ0 ከሥልጣን አነሳቸው። የመጀመሪያው ችሎት በ2010 በ24 ክሶች ላይ ተሰይሞ የተስማማው በአንዱ ብቻ ነበር፤ ያም ለኤፍቢአይ መዋሸት ነው። ድምፃቸው ተቀድቶ እንኳ ጁሪው አለመስማማቱ የልብን ሐሳብ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያሳያል። በሁለተኛው ችሎት በ17 ክሶች ጥፋተኛ ተብለው 14 ዓመት ተፈረደባቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2015 አምስቱን ክሶች ቢሽርም ቅጣቱ አልተቀነሰም። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በ2020 እስራቱን አሳጠሩላቸው፣ በ2025 ደግሞ ሙሉ ይቅርታ ሰጧቸው።

ብላጎየቪች ከሥልጣን ከተነሱ በኋላ ኢሊኖይ በመዋጮ ላይ ጣሪያ አበጀች። ከ2011 ጀምሮ በአንድ የምርጫ ዙር ግለሰብ ለአንድ ተወዳዳሪ 5 ሺህ፣ ኩባንያና የሠራተኛ ማኅበር 10 ሺህ፣ የፖለቲካ ኮሚቴ 50 ሺህ ዶላር ብቻ እንዲሰጡ ተደነገገ፤ መጠኑ በየሁለት ዓመቱ በዋጋ ግሽበት ይስተካከላል። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ተተወ። ለግዛት አቀፍ ሥልጣን የሚወዳደር ሰው ከራሱ ኪስ ከ250 ሺህ ዶላር በላይ ካወጣ፣ በዚያ ውድድር ላይ ላሉት ሁሉ ጣሪያው ይነሳል። ሐሳቡ ሀብታም ካልሆነው ተወዳዳሪ ጋር ለማመጣጠን ነበር። በ2018 ሁለት ቢሊየነሮች፣ ብሩስ ራውነርና ጄቢ ፕሪትዝከር፣ ለአገረ ገዢነት ሲፋጠጡ ፕሪትዝከር ብቻቸውን ከራሳቸው ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር አወጡ። በዚያ ውድድር ጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረም።

የቁጥጥሩም ነገር እንዲሁ ቀስ እያለ ነው የተሻሻለው። በ2003 ሕግ አገረ ገዢው፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ የግዛቲቱ ጸሐፊ፣ ኮምፕትሮለሩና የግምጃ ቤት ኃላፊው እያንዳንዳቸው ዋና ኢንስፔክተር እንዲኖራቸው ተደረገ፤ ኢንስፔክተሩን የሚሾመው ግን የሚመረመረው ባለሥልጣን ራሱ ነው። ከበላይ ያለው የሥነ ምግባር ኮሚሽን 9 አባላት ሲኖሩት 5ቱን የሚሾመው አገረ ገዢው ነው። ጥፋት የተረጋገጠባቸው የምርመራ ሪፖርቶች እንኳ ለሕዝብ አይወጡም ነበር። ሠራተኛው ከሥራ ከተባረረ ወይም 3 ቀንና ከዚያ በላይ ከታገደ ሪፖርቱ እንዲታተም የተደረገው ከብላጎየቪች መነሳት በኋላ በ2009 ነው። 

ትልልቆቹን ጉዳዮች ሁሉ የያዙት ግን የግዛቲቱ ኮሚሽኖች አይደሉም፤ የፌዴራል ዓቃብያነ ሕግ ናቸው። ለአሥርት ዓመታት የተወካዮች ምክር ቤቱን የመሩት ማይክል ማዲገን በ2025 በ10 ክሶች ጥፋተኛ ተብለው የ7 ዓመት ተኩል እስራት የተፈረደባቸውም በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። በእሳቸው ጉዳይ ዋናው ነገር የምርጫ መዋጮ እንኳ አልነበረም። የመብራት ኃይል ኩባንያው ኮምኤድ፣ ሥራ ለማይሠሩ ወይም ጥቂት ብቻ ለሚሠሩ የማዲገን ሰዎች በሥራ ውል ስም ይከፍል ነበር፤ ኩባንያው በ2020 የ200 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተቀብሏል። የመዋጮው በር ሲጠብ ገንዘቡ በደመወዝ በር ገባ ማለት ነው።

የፌዴራሉ መንገድም ቢሆን እየጠበበ ነው። በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንድ የኢንዲያና ከንቲባን ጉዳይ አይቶ ነበር። የፖርቴጅ ከተማ ከአንድ ኩባንያ ወደ 1.1 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ የቆሻሻ መኪኖች ከገዛች በኋላ ኩባንያው ለከንቲባው 13 ሺህ ዶላር ከፈለ። ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ለግዛትና ለከተማ ባለሥልጣናት የወጣው የፌዴራል የጉቦ ሕግ የሚመለከተው ከውሳኔው በፊት የተስማሙበትን ክፍያ እንጂ ከውሳኔው በኋላ እንደ ምስጋና የሚሰጠውን አይደለም አለ። የምስጋና ገንዘብን መከልከል የየግዛቱና የየከተማው ሥራ ነው። ስለዚህ የ75 ዶላር የምሳ ልክና የተቋራጮች መዝገብ፣ ቀድሞ የቢሮ ደንብ ይመስሉ የነበሩት፣ ከዚህ ውሳኔ ወዲህ ክብደታቸው ጨምሯል።

እነዚህ ደንቦች በቺካጎና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንም ይነካሉ። አሜሪካዊ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራልም፣ በግዛትም፣ በከተማም ምርጫ ማዋጣት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን ድምፅ መስጠት ባይችልም ማዋጣት ይችላል። በማኅበረሰቡ የተለመደው የዕድር ዓይነት አሰባሰብ፣ ማለትም ከብዙ ሰው ጥሬ ገንዘብ ሰብስቦ በአንድ ሰው ቼክ ለተወዳዳሪው ማስረከብ፣ በሌላ ሰው ስም ማዋጣት ተብሎ በኢሊኖይ ሕግም በፌዴራል ሕግም የሚከለከል ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም መስጠት አለበት። በኢሊኖይ ከአንድ ሰው የመጣ መዋጮ ከ150 ዶላር ካለፈ የሰጪው ስምና አድራሻ በይፋ ይመዘገባል። የትራንስፖርት፣ የጽዳት ወይም የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ከፍቶ ከግዛቲቱ ጋር በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ የተዋዋለ ሰው ደግሞ ድርጅቱን በምርጫ ቦርድ ያስመዘግባል። ውሉን ለሚሰጠው ባለሥልጣን እሱም ሆነ የትዳር ጓደኛው አንድ ዶላር እንኳ ማዋጣት አይችሉም፤ በአንድ የማኅበረሰብ ራት ላይ የተገዛ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ትኬትም ከመዋጮ ይቆጠራል።